የቤንዚን ዋጋ መናር፦ ተጠያቂው ማን ነው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ አበው፣ ስለ ቤንዚን ዋጋ የሚነሣው ቅሬታ መልስ የሚያገኘው ዋጋው ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሲታወቅ ነው። የባጃጅ አሽከርካሪው የማደያውን ባለቤት ይወቅሳል፤ የማደያው ባለቤት አከፋፋይ ኩባንያውን ይጠቁማል፤ ኩባንያው የአቅርቦት እጥረትን ያነሣል፤ መንግሥት ደግሞ የዓለም ገበያን በምክንያትነት ያቀርባል። በመካከሉ የሽንኩርት ማሳውን የሚያጠጣበት ሞተር የቆመበት አርሶ አደርና የትራንስፖርት ሒሳብ የጨመረበት የከተማ ነዋሪ ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ሳያውቁ ይቀራሉ።

ይህ ጽሑፍ የቤንዚን ዋጋ በኢትዮጵያ እንዴት እንደሚወሰን፣ በየደረጃው ማን ምን እንደሚጨምርበት፣ እንዲሁም ሸማቹ የትኛውን ጥያቄ ለየትኛው አካል ማቅረብ እንደሚገባው ያስረዳል።

ሁለት ዋጋ፣ ሁለት ዓይነት ተጠያቂነት

በቅድሚያ ሊለይ የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ። ቤንዚን በአገራችን ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው መንግሥት የሚያወጣውና በማደያ የሚከፈለው የታሪፍ ዋጋ ነው። ሁለተኛው በየመንገዱ ዳር በጀሪካንና በውኃ ፕላስቲክ እየተቀዳ የሚሸጠው የጥቁር ገበያ ዋጋ ነው። ሰዎች «ቤንዚን ተወደደ» ሲሉ አንዳንዱ የመጀመሪያውን፣ አንዳንዱ ሁለተኛውን ማለቱ ነው።

የሁለቱ ዋጋዎች ምንጭ የተለያየ ነው። የታሪፍ ዋጋውን ከፍ ያደረጉት የዓለም ገበያ፣ የብር የምንዛሬ ተመንና የመንግሥት የድጎማ ፖሊሲ ናቸው። የጥቁር ገበያውን ዋጋ ከፍ ያደረጉት ግን የአቅርቦት እጥረት፣ በሥርጭት ላይ የሚፈጸም ሕገወጥ ሽያጭና የቁጥጥር መላላት ናቸው። የአንዱን ጥፋት በሌላው ማሳበብ ቀላል የሚሆነው ሸማቹ ሁለቱን ለይቶ ሳያይ ሲቀር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን በየተራ መመልከት ያስፈልጋል።

ቤንዚን ማደያ የሚደርስበት መንገድ

ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ቤንዚን፣ ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ ተጣርቶ ያለቀለት ሆኖ ከውጭ የሚገባ ነው። አብዛኛው የሚመጣው ከባሕረ ሰላጤው አካባቢ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ከጎረቤት ሱዳን በመተማ በኩል ቤንዚን ይገባ እንደነበር በሰሜን ምዕራብ የአገራችን ክፍል የሚኖሩ አንባቢያን ያስታውሳሉ።

ግዥውን የሚፈጽመው የመንግሥት የልማት ድርጅት የሆነው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። ነዳጁ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ በወደቡ ወደሚገኙ ማከማቻዎች ይራገፋል፤ ከዚያም በቦቴ ተሽከርካሪዎች ተጭኖ ወደ መሀል አገር ይጓጓዛል። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነዳጁን ከድርጅቱ የሚረከቡት እንደ ኖክ፣ ቶታል ኢነርጂስና ኦላ ኢነርጂ ያሉ አከፋፋይ ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ እነርሱም ለየማደያዎቻቸው ያደርሳሉ። ዘርፉን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። የችርቻሮ ዋጋ ማስተካከያን ለሕዝብ የሚያሳውቀው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው።

በዚህ ጉዞ ውስጥ አንድ ሊትር ቤንዚን የተለያዩ ወጪዎችን ተሸክሞ ይመጣል። የመጀመሪያው የምርቱ የግዥ ዋጋ ነው። በእርሱ ላይ የመርከብ ማጓጓዣና የመድን ክፍያ፣ የወደብና የማከማቻ ክፍያ፣ የባንክ አገልግሎት ወጪ፣ ግብርና ለመንገድ ፈንድ የሚሰበሰበው ክፍያ፣ የየብስ ማጓጓዣ ዋጋ፣ በመጨረሻም የአከፋፋዩና የማደያው የትርፍ ህዳግ ይደመራሉ። ከተሞች ከወደቡ ያላቸው ርቀት ስለሚለያይ የማደያ ዋጋቸውም በጥቂቱ ይለያያል። በዜና የሚነገረው የአዲስ አበባ ዋጋ ከባሕር ዳር፣ ከደሴ ወይም ከጎንደር ዋጋ ጋር አንድ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የዓለም ገበያ ድርሻ

ድፍድፍ ነዳጅ በዓለም ገበያ የሚሸጠው በበርሜል ነው፤ አንድ በርሜል 159 ሊትር ያህል ይይዛል። ዋጋውን የሚወስኑት የፈላጊውና የአቅራቢው ሚዛን፣ ጦርነትና የመርከብ መስመሮች ደኅንነት እንዲሁም የዋነኛ አምራች አገሮች ውሳኔ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 ኢራን፣ ኢራቅ፣ ኩዌት፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ቬንዙዌላ በባግዳድ የመሠረቱት ኦፔክ የምርት መጠንን በመቀነስና በመጨመር በዋጋው ላይ ተጽዕኖ ያሳድራል። ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ ሩሲያን የመሰሉ አምራቾችም በዚሁ ትብብር ውስጥ ገብተዋል። ኢትዮጵያ በዚህ ገበያ የተጠየቀችውን የምትከፍል አገር እንጂ በዋጋው ላይ የምትደራደር አይደለችም።

የዓለም ገበያ ጫና ሐሰት አይደለም። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ ብሬንት የተባለው መለኪያ ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል ከ120 ዶላር በላይ የተሸጠበት ጊዜ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይም ዋጋው ከ110 ዶላር በላይ ሆኖ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ የታየው የማደያ ዋጋ ጭማሪ በከፊል ከዚህ የመነጨ መሆኑን መካድ አይቻልም።

ነገር ግን የኋላውን ጊዜ ስንመለከት ነገሩ ይለወጣል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የብሬንት ዋጋ ከ80 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። የኢትዮጵያ የማደያ ዋጋ ግን በዚሁ ዘመን ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን በግንቦት 2014 ዓ.ም. 36 ብር ከ87 ሳንቲም ነበር። በሰኔ 2014 ማብቂያ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆነ። በመስከረም 2015 ወደ 57 ብር ከ05 ሳንቲም፣ በሐምሌ 2016 ወደ 82 ብር ከ60 ሳንቲም፣ በመስከረም 2017 ወደ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ከፍ አለ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ።

የዓለም ዋጋ ወርዶ የአገር ውስጥ ዋጋ ከጨመረ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ለተከሰተው ጭማሪ የዓለም ገበያ ዋነኛው ተጠያቂ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱን በሌሎች ሁለት ጉዳዮች መፈለግ ግድ ይላል፤ እነርሱም የምንዛሬ ተመኑና የድጎማ ፖሊሲው ናቸው።

የምንዛሬ ተመኑ

ነዳጅ የሚገዛው በዶላር፣ የሚሸጠው በብር ነው። ስለዚህ የዓለም ዋጋ ባይነቃነቅ እንኳ ብር ሲዳከም ቤንዚን ይወደዳል።

መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ በባንክ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ በቀጣዮቹ ወራትም ከ120 ብር በላይ ደረሰ። የዚህን ትርጉም በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሊትር ቤንዚን ጅቡቲ ሲደርስ 70 የአሜሪካ ሳንቲም ይፈጃል እንበል። አንድ ዶላር 57 ብር በነበረ ጊዜ ይህ 39 ብር ከ90 ሳንቲም ይሆናል። አንድ ዶላር 125 ብር ሲሆን ግን ያው ሊትር 87 ብር ከ50 ሳንቲም ይፈልጋል። የዓለም ገበያ ምንም ሳይጨምር፣ ማጓጓዣና ግብር ሳይታሰብ፣ የግዥው ወጪ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ የማደያው ዋጋ የጨመረው በዶላሩ ልክ አይደለም። ከሐምሌ 2016 እስከ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጭማሪው በሊትር 18 ብር ከ87 ሳንቲም፣ በመቶኛ ሲሰላ 23 ያህል ነው። መንግሥት የምንዛሬ ለውጡ ያስከተለውን ጫና በአንድ ጊዜ ወደ ሸማቹ እንደማያሸጋግርና ነዳጅን ደረጃ በደረጃ እያስተካከለ እንደሚደጉም አስታውቆ ነበር። ይህ ለሸማቹ የጊዜ እፎይታ ሰጥቷል፤ በአንጻሩ ግን በወቅቱ ገና ያልተሸጋገረ ጭማሪ ከፊት መኖሩን የሚያመለክት ነበር። የዓለም ዋጋ በወረደባቸው ወራት እንኳ የማደያ ዋጋ የማይወርድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የምንዛሬ ለውጡ ራሱ የፖሊሲ ውሳኔ ነው። ውሳኔውን የሚደግፉ ለውጭ ንግድ መነቃቃትና ለምንዛሬ ጥቁር ገበያ መዳከም አስፈላጊ መሆኑን ያስረዳሉ፤ የሚተቹት በኑሮ ውድነት ላይ ያሳደረውን ጫና ያነሣሉ። የትኛውም ወገን ቢሆን ውሳኔው በነዳጅ ዋጋ ላይ ያለውን ድርሻ ሊክድ አይችልም።

የማረጋጊያ ፈንዱና የድጎማው መነሣት

በ1993 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመ የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የዓለም ዋጋ ሲወርድ የአገር ውስጡን ዋጋ ወዲያው ሳይቀንሱ ልዩነቱን በፈንዱ ማጠራቀም፣ የዓለም ዋጋ ሲጨምር ደግሞ ከተጠራቀመው እያወጡ ሸማቹን ከድንገተኛ ጭማሪ መጠበቅ ነው። አስተዋይ ገበሬ በጥጋብ ዘመን ጎተራውን ሞልቶ ክረምቱን እንደሚያልፍ ማለት ነው።

በተግባር ግን ጎተራው ባዶ ሆነ። የአገር ውስጡ ዋጋ ለረጅም ጊዜ ከእውነተኛው ወጪ በታች ስለቆየ ፈንዱ ከመጠራቀም ይልቅ ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ዕዳው በ2014 ዓ.ም. ከ100 ቢሊዮን ብር በላይ ደርሶ ነበር። የዋጋው ርካሽነት ሌላም መዘዝ ነበረው። በኢትዮጵያ የሚሸጠው ነዳጅ ከጎረቤት አገሮች በእጅጉ የረከሰ በመሆኑ በኮንትሮባንድ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። በአገሪቱ ዶላር ተገዝቶ፣ በአገሪቱ በጀት ተደጉሞ፣ የሌላ አገር ሰው ይጠቀምበት ነበር። በከተማ ባለ ትልቅ መኪና የሆነው ሰውም ብዙ ስለሚቀዳ ከድጎማው ብዙውን ያገኝ ነበር፤ ተሽከርካሪ የሌለው የገጠር ነዋሪ የሚደርሰው ጥቂት ነበር።

ከዚህ በመነሣት መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሥርዓትን ተግባራዊ አደረገ። አጠቃላይ ድጎማው በየጊዜው እንዲቀንስ፣ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ግን በቴሌብር አማካይነት ድጋፍ እንዲያገኙ ተወሰነ። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ግብይት በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ እንዲፈጸም ተደረገ።

ድጎማውን የማንሣቱ ውሳኔ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው የአመለካከት ጉዳይ ነው። የማያከራክረው ግን ውሳኔው የመንግሥት መሆኑና ከ2014 ዓ.ም. በኋላ ለታየው የታሪፍ ጭማሪ ቀጥተኛ ምክንያት መሆኑ ነው። ስለሆነም ለታሪፍ ዋጋው መልስ መስጠት ያለበት ታሪፉን የሚያወጣው አካል ነው። ዋጋው በተስተካከለ ቁጥር ከአንድ ሊትር ውስጥ ስንቱ የግዥ፣ ስንቱ የማጓጓዣ፣ ስንቱ የግብር፣ ስንቱ የቀድሞ ዕዳ ማካካሻ እንደሆነ ክፍል በክፍል ቢቀርብ ሸማቹ የሚከፍልበትን ጉዳይ ባወቀ ነበር።

«የራሳችን ማጣሪያ ቢኖረን ኖሮ»

በየመንደሩ ውይይት ብዙ ጊዜ የሚነሣ ሐሳብ አለ፤ ኢትዮጵያ ማጣሪያ ቢኖራት ቤንዚን ይረክስ ነበር የሚል ነው። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተገነባውና እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረው የአሰብ ማጣሪያ ኤርትራ ነጻ ከወጣች በኋላም እስከ እ.ኤ.አ. 1997 ድረስ አገልግሎት ሰጥቷል። ይሁን እንጂ አሰብ ያጣራ የነበረው ድፍድፍ ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነበር። ማጣሪያ ሥራ ይፈጥራል፤ የማጣራቱን ዋጋ በአገር ውስጥ ያስቀራል፤ ለክፉ ቀን የሚሆን ክምችት ለመያዝም ይረዳል። የራስ ድፍድፍ እስከሌለ ድረስ ግን ከዓለም ገበያና ከዶላር ጥገኝነት አያላቅቅም። በሶማሌ ክልል በካሉብና በሂላላ የሚገኘው ክምችት ደግሞ በዋናነት የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ለማዳበሪያና ለኃይል ምንጭነት የሚሰጠው ተስፋ ትልቅ ቢሆንም በቀጥታ ወደ ባጃጅ የሚቀዳ ቤንዚን አይደለም።

አከፋፋዮችና ማደያዎች

ሸማቹ ፊት ለፊት የሚያገኘው ማደያውን ስለሆነ ወቀሳው ቀድሞ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። የታሪፍ ዋጋውን በሚመለከት ግን ማደያ ዋጋ አይተምንም። የአከፋፋዩም ሆነ የማደያው የትርፍ ህዳግ በመንግሥት የሚወሰንና በሊትር የሚታሰብ ነው። ሕጉን አክብሮ የሚሠራ ማደያ በታሪፉ ላይ የሚጨምረው አንዳች ነገር የለም። የዘርፉ ነጋዴዎችም የተፈቀደላቸው ህዳግ ከወጪያቸው ጋር አይመጣጠንም የሚል አቤቱታ በተደጋጋሚ አቅርበዋል።

ይህ ማለት ማደያዎች ሁሉ ንጹሕ ናቸው ማለት አይደለም። በመጋዘን ቤንዚን እያለ «አልቋል» ብሎ መዝጋት፣ ሌሊት በበርሜል መሸጥ፣ ከታሪፉ በላይ በእጅ መቀበል፣ የመቅጃ መሣሪያን አዛብቶ ማሳነስ በሕግ የሚያስጠይቁ ጥፋቶች ናቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት ሥርዓት አዋጅ የወጣውም እንዲህ ያሉትን ድርጊቶች ለመቆጣጠርና ለመቅጣት ነው። እነዚህ ጥፋቶች የሚያገናኙን ከሁለተኛው ዋጋ፣ ከጥቁር ገበያው ጋር ነው።

የጥቁር ገበያው ዋጋ

ጥቁር ገበያ የሚፈጠረው ፈላጊው ከቀረበው ሲበልጥ ነው። ቦቴ ሲዘገይ፣ በጸጥታ ችግር መንገድ ሲስተጓጎል፣ ለአካባቢው የተመደበው ኮታ ከፍላጎቱ ሲያንስ፣ ማደያ ፊት ሰልፍ ይረዝማል። አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ ከሚውል ይልቅ ተጨማሪ ከፍሎ መሥራትን ይመርጣል። ለዚህ ፈቃደኝነት ዋጋ የሚያወጣ ሰው ደግሞ አይጠፋም።

የጥቅሙን መጠን በስሌት እንመልከት። አንድ ሰው በታሪፍ 100 ሊትር አግኝቶ በሊትር 50 ብር ብቻ ጨምሮ ቢሸጥ፣ ያለ ምንም ድካም 5 ሺህ ብር ያተርፋል። ይህ ገንዘብ ወደ መንግሥት ካዝና አይገባም፤ ለመንገድ ጥገና አይውልም፤ የማረጋጊያ ፈንዱን ዕዳ አይከፍልም። በሸማቹና በአቅራቢው መካከል የሚቀር ነው። ትርፉ ይህን ያህል በሆነበት ሁኔታ ቁጥጥሩ ከላላ፣ ነዳጁ ከማደያው ጓሮ ወደ ጀሪካን የሚሄድበትን መንገድ አያጣም።

በጀሪካንና በፕላስቲክ የሚሸጥ ቤንዚን ሌላም ጉዳት አለው። በመኖሪያ ቤት የሚከማች ቤንዚን የእሳት አደጋ ምክንያት ነው። ከላምባ ወይም ከሌላ ፈሳሽ ጋር የተቀላቀለ እንደሆነም ሞተር ያበላሻል። ገዢው በውድ ዋጋ የሚያተርፈው የተቃጠለ ሞተር ሊሆን ይችላል።

በዚህ ዋጋ የዓለም ገበያ ተጠያቂ አይደለም፤ ዶላርም አይደለም። ተጠያቂዎቹ የተመደበው ነዳጅ ለማን እንደተሸጠ የሚያውቁና ማወቅ የሚገባቸው ናቸው፦ ነዳጁን የሚያወጣው ማደያ፣ የሚከታተለው አከፋፋይ፣ የሚቆጣጠሩት የወረዳና የከተማ የንግድ መዋቅሮች፣ የሕግ አስከባሪ አካላት፣ እንዲሁም አቅርቦቱን በበቂ መጠን የማድረስ ኃላፊነት ያለባቸው የፌዴራል ተቋማት።

አርሶ አደሩ ከሁለቱም ወገን

የከተማ ነዋሪው የነዳጅን ውድነት በትራንስፖርትና በሸቀጥ ዋጋ ያውቀዋል። አርሶ አደሩ ደግሞ ከሁለት ወገን ይመታል። የሚገዛው ሁሉ በማጓጓዣ ምክንያት ይወደድበታል፤ ምርቱን ሲያወጣም ነጋዴው የመኪናውን ወጪ ከሚከፍለው ዋጋ ላይ ይቀንስበታል። ለትራክተር ኪራይ፣ ለኮምባይነርና ለወፍጮ ቤት የሚከፍለው የናፍጣን ዋጋ ተከትሎ ይጨምራል። ለአነስተኛ የመስኖ ሞተር ደግሞ ቤንዚን ራሱ ያስፈልገዋል።

የታለመው ድጎማ ሲዘረጋ የተመሠረተው በተሽከርካሪ ታርጋ ላይ ነበር። የውኃ መሳቢያ ሞተር ታርጋ የለውም። ማደያ ድረስ ተሸክመው ሊያስሞሉትም አይችሉም፤ ቤንዚኑ በጀሪካን መምጣት አለበት። በጀሪካን መቅዳት ደግሞ ጥቁር ገበያን ለመከላከል ሲባል የተገደበ ነው፤ በብዙ አካባቢ አርሶ አደሩ ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ እንዲያመጣ ይጠየቃል። ደብዳቤው ሲዘገይ ማሳው አይጠብቅም። ሽንኩርትና ቲማቲም በአበባና በፍሬ ጊዜያቸው ጥቂት ቀናት ውኃ ቢያጡ የወራት ድካም ከንቱ ይቀራል፤ በበጋ መስኖ የሚለማ ስንዴም ፍሬ በሚሞላበት ወቅት ውኃ ካጣ ምርቱ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ጥቁር ገበያን ለመከላከል የወጣው ገደብ አርሶ አደሩን መልሶ ወደ ጥቁር ገበያ ሲገፋው ይታያል።

የሁለቱ ዋጋዎች ጫና በአንድ ማሳ ላይ እንዴት እንደሚታይ በምሳሌ እናሳይ። በቀን 8 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ ሞተር በአንድ የመስኖ ወቅት 20 ቀን ይሠራል ብንል 160 ሊትር ያስፈልገዋል። በሰኔ 2014 ማብቂያ በነበረው የአዲስ አበባ ታሪፍ ይህ 7 ሺህ 652 ብር ከ80 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ በወጣው ታሪፍ 16 ሺህ 235 ብር ከ20 ሳንቲም ይሆናል፤ ልዩነቱ 8 ሺህ 582 ብር ከ40 ሳንቲም ነው። ይኸው አርሶ አደር ቤንዚኑን በታሪፍ ሳያገኝ ቀርቶ በሊትር 50 ብር ጨምሮ ከመንገድ ዳር ቢገዛ ተጨማሪ 8 ሺህ ብር ያወጣል።

ስሌቱ የሚያሳየው አንድ ቁም ነገር አለ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ የድጎማ መነሣትና የምንዛሬ ለውጥ አንድ ላይ ሆነው ያመጡትን ጭማሪ ያህል፣ የሥርጭት ጉድለቱ በአንድ ቀን ሊያመጣው ይችላል። የመጀመሪያውን ለማስተካከል የአገር ኢኮኖሚ መለወጥን ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን ግን በወረዳና በከተማ ደረጃ ማስተካከል ይቻላል።

ማን ስለ ምን ይጠየቅ?

እስካሁን የተመለከትነውን በአጭሩ እናጠቃልል።

የዓለም ገበያ፦ ድንገተኛ ጭማሪ ሲኖር ድርሻው ትልቅ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. እንደታየው። የዓለም ዋጋ በወረደበት ጊዜ ለሚደረግ ጭማሪ ግን ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ አይገባም።

የፌዴራል መንግሥት፦ የምንዛሬ ተመን፣ የድጎማ፣ የግብርና የታሪፍ ውሳኔዎች የእርሱ ናቸው። የታሪፉን ዝርዝር ማስረዳት፣ በቂ አቅርቦት ማረጋገጥና ታርጋ የሌላቸውን የምርት መሣሪያዎች በድጋፍ ሥርዓቱ ውስጥ ማየት ከእርሱ ይጠበቃል።

የክልል፣ የከተማና የወረዳ የንግድ መዋቅሮች፦ ወደ አካባቢው የገባው ነዳጅ ለታለመለት ሰው መድረሱን መከታተል የእነርሱ ሥራ ነው። ስንት ቦቴ እንደገባ፣ በየትኛው ማደያ እንደተራገፈና በስንት ሰዓት እንዳለቀ ለሕዝብ ቢገለጽ «አልቋል» የሚለውን ቃል ማጣራት ይቻላል።

የግብርና ጽሕፈት ቤቶች፦ የመስኖ ሞተር ያላቸውን አርሶ አደሮች ከወቅቱ አስቀድመው መዝግበው፣ ፍላጎታቸውን ለንግድ መዋቅሩ ቢያሳውቁ ደብዳቤ ፍለጋው በአበባ ጊዜ አይውልም ነበር።

አከፋፋዮችና ማደያዎች፦ ስለ ታሪፉ አይጠየቁም፤ ከታሪፉ በላይ ስለሚሸጥና ከጓሮ ስለሚወጣ እያንዳንዱ ሊትር ግን ይጠየቃሉ።

ሸማቹ፦ ከጥቁር ገበያ የሚገዛው ተገድዶ ቢሆንም፣ ሳያስፈልገው አከማችቶ የሚሸጥ ወይም ተራ የሚያስይዝ የችግሩ አካል ነው።

ሸማቹ ሊያደርገው የሚችለው

በማደያ የሚቀዳ ሰው የአካባቢውን ታሪፍ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል፤ ዋጋው በማደያው በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለበት። ክፍያውን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ሲፈጽም የከፈለውን የብር መጠን ለሊትሩ አካፍሎ ከታሪፉ ጋር ያመሳክር፤ መልእክቱንም አያጥፋ፤ ለአቤቱታ ማስረጃ ይሆነዋል። ከታሪፉ በላይ የጠየቀ ወይም ነዳጅ እያለው የከለከለ ማደያ ሲገጥመው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የማደያውን ስም ጽፎ ለወረዳው ወይም ለከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ።

የመስኖ ሞተር ያላቸው አርሶ አደሮች በተናጠል ከመንከራተት በማኅበር ሆነው ቢጠይቁ ይበጃል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የአባሎቻቸውን የሞተር ብዛትና የወቅቱን የነዳጅ ፍላጎት በአንድ ሰነድ ሲያቀርቡ ጥያቄው ክብደት ያገኛል፤ ለሚፈቅደውም አካል ለቁጥጥር ይቀለዋል። የኤሌክትሪክ መስመር በደረሰባቸው ቦታዎች የኤሌክትሪክ መሳቢያን፣ በሌሎች ደግሞ በፀሐይ ኃይል የሚሠራውን በጋራ መግዛት የመነሻ ወጪው ከባድ ቢሆንም በየወቅቱ ከሚደርሰው የቤንዚን ጣጣ ያወጣል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲወስን የያዘው አቅጣጫ ከነዳጅ ጥገኝነት መላቀቅ ነው፤ ይኸው አቅጣጫ ከከተማ መኪና አልፎ ወደ ገጠር የውኃ ሞተር መድረስ ይኖርበታል።

የቤንዚን ዋጋ ነገ እንደማይጨምር ዋስትና የሚሰጥ የለም። በታሪፍ የተተመነው ቤንዚን በታሪፉ ለገበሬውና ለነዋሪው እንዲደርስ ማድረግ ግን የባሕረ ሰላጤውን ገበያ አይጠብቅም። ይህን በተመለከተ የሚቀርብ ጥያቄ መልስ ሊያገኝ የሚገባው በቅርብ ካለው ጽሕፈት ቤት ነው።